ዘጠኝ ድርብ

ከሴቶች ክፍል በር ፊት ለፊት ያለው የእንጨት አግዳሚ ወንበር አንደኛው እግሩ አጠር ስለሚል፣ ሁለት ሰው ካልተቀመጠበት ይወዛወዛል። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ብቻቸውን ተቀምጠውበት፣ ጭናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው በእጃቸው ይሰፉ ነበር። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ስፌት» ይላቸዋል። አርባ ዓመት በመቀስና በመርፌ የኖሩ ሴት ናቸው። እጃቸው ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ስለሚበረታባቸው፣ ሰው ታሞባቸው እንኳ መርፌያቸውን ይዘው ነው ከቤት የሚወጡት። በኮሪደሩ ያለፈ ያገደመው ሁሉ «እንዲህም የጨከነ ልብ አለ» ሳይል አልቀረም። እሳቸው ግን ከትናንት ቀትር ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ከበሩ ወዲያ፣ አሥራ አራት ቁጥር አልጋ ላይ፣ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ተኝታለች።

ልጅቷ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ከቁመቷ የተነሳ ተማሪዎቿም ጎረቤቶቿም «ቀጭኔ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ለምዳው ትስቅበታለች። ትናንት ከሁለተኛ ፎቅ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሲያገኟት የተማሪዎቿን ደብተር እንደታቀፈች ነበር። ያነሷት ባልደረቦቿ ጥቁር ቀሚሷ ላይ አንዳች ነገር አላዩም። ነገሩ የታወቀው ሆስፒታል ደርሳ ልብሷ ሲወልቅ ነው።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ነርስ ወጣች። ከማለዳ ጀምሮ እግሯ አላረፈም፤ ጫማዋን ከተረከዟ አላቃ ወንበሩ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ወንበሩም ቀጥ አለ። አጠገቧ ያሉት ሴት ማን እንደሆኑ አታውቅም። እንዲሁ ዓይኗን ጣል ስታደርግ ግን ጭናቸው ላይ ያለው ስፌት ያዛት።

«እማማ፣ ይህን ስፌት ቅድም አይቼዋለሁ» አለች።

«የት አየሽው ልጄ?»

«አሥራ አራት ቁጥር ያለችው ታማሚ የወር አበባ የያዘችበት ጨርቅ ጠርዙ ልክ እንዲህ ነው። ክሩ ጨርሶ አይታይም። እኔም ልጅ ሆኜ ስፌት ሞክሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የእርስዎ ሥራ ነው?»

ሰው በጭንቅ ውስጥም ሆኖ ሲመሰገን ደስ ይለዋል፤ ይህ ነውር አይደለም። እትዬ ስፌት ቀና አሉ። «የኔ ነው። ክሩን በውስጥ ነው የምመልሰው። ዘጠኝ ድርብ ነው፤ ከላዩ ጥጥ፣ መሀሉ አሮጌ ፎጣ፣ ከሥሩ የዝናብ ልብስ። ነጭ ብትለብስበት፣ ሠርግ ላይ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጥበት አያሳፍራትም።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ድካም ያመጣባት መሆን አለበት፣ ቃሏን ሳትመርጥ «እሱን እኮ ነው የምለው» አለች። «እንዲህ ባይሰፋ ኖሮ እንዲህ አንዘገይባትም ነበር።»

መርፌው ቆመ።

«የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ስፌት በዝግታ። «ምን ማለትሽ ነው የዘገየንባት?»

ነርሷ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ቤተሰቧ መሆንዎን አላወቅሁም።»

«አሁን አወቅሽ። የጀመርሽውን ጨርሺው።»

«ጨርቁ ባይኖር ኖሮ ከዓመት ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ወንበር ላይ ይታይባት ነበር። ታፍር ነበር፤ አፍራም ቢሆን ወደ ሐኪም ትመጣ ነበር። ትናንት ስትመጣ የደሟ መጠን ስድስት ነበር። የጤነኛ ሴት አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ነው። በግማሽ ደም ነው ደረጃ የምትወጣው የምትወርደው።»

እዚህ ላይ ለእትዬ ስፌት እንፍረድላቸው። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣው ንዴት ነው፤ ማልቀስ ኋላ ይደርሳል። እሳቸውም ነደዱ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «የኛ ቤት ሴቶች ደመ ብዙ ናቸው። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ እህቴም እንዲህ ነበረች። እኔ ነኝ ከመሀል የተለየሁት። ደም የማይፈሳት ሴት የት አለች? ይልቅ ልጄን የጣላት የናንተው ኪኒን ነው። ከወር በፊት ክሊኒክ ሄዳ ሆርሞን የሚሉት ነገር ሰጧት። በስምንተኛው ቀን ደሟ አልሄድ አልቆም ብሎ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አየሽ፣ መድኃኒቱ ደሙን ገደበው፣ መውጣት ያለበት ቆሻሻ ውስጥሽ ቀረ፣ ወደ ራስሽ ይወጣል አልኳት። እሺ ብላኝ ተወችው። ከዚያ ወዲያ ነው እንደ ጎርፍ የወረደባት። የተገደበ ነገር ሲለቀቅ እንዲያ ነው።»

«በስንተኛው ቀን ነው ያቆመችው?»

«በዘጠነኛው።»

«ስንት ቀን እንድትወስድ ነበር የታዘዘላት?»

«ሃያ አንድ።»

ነርሷ ብትፈልግ «አዩ፣ የእርስዎ ጥፋት ነው» ማለት ትችል ነበር። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳት፤ ክርክሩን ይረታና ሰውዬውን ያጣዋል። እሷ ግን ጠይቃ ብቻ ዝም አለች። ዝምታዋን እትዬ ስፌት አልወደዱትም።

«ለምን ዝም ትያለሽ?»

«ማንም ሳይነግራት ኪኒኑን መስጠታቸው አናዶኝ ነው» አለች ነርሷ። «ጠብ ጠብ ማለቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሴቶች ላይ ይታያል፤ ኋላ ይተዋቸዋል። እርስዎ ገና እየተሰፋ ያለ ልብስ ላይ ክር ተንጠልጥሎ ቢያዩ ጨርቁ ተበላሽቷል ይላሉ?»

«አልልም። ስፌቱ አላለቀም እላለሁ።»

«መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። መሀል ላይ በድንገት ሲቆም ደግሞ ደሙ በአንዴ ይወርዳል። ይህንን የሰጣት ሰው ሊነግራት ይገባ ነበር።»

«አልነገራትም። ወረቀት ጽፎ ሰጥቷት ‹ቀጣይ› ብሎ ነው የተጣራው። እኔ ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የኛም ነው።»

የባለሙያ ሰው ጥፋቱን ሲያምን መስማት ለእትዬ ስፌት አዲስ ነገር ነበር። ቁጣቸው በረድ አለ። ጨርቁን አጣጥፈው ጎናቸው አስቀመጡና ወደ ነርሷ ዞረው ተቀመጡ። «እሺ» አሉ፤ «የሚገደበው ደም ታዲያ የት ይገባል? እሱን አስረጂኝ።»

«ኮት ሲሰፉ ገበር ያስገቡለታል አይደል?»

«ያለ ገበር ምኑን ኮት ሆነ።»

«ማኅፀንም በየወሩ ለራሱ ገበር ይሰፋል፤ ጽንስ ከመጣ እንዲያርፍበት ነው። ካልመጣ ተርትሮ ይጥለዋል። የወር አበባ ማለት ያ የተተረተረው ገበር ከነደሙ ነው። ለአንዳንዷ ሴት ገበሩ ሲተረተር ደሙ በቀላሉ አይቆምላትም፤ የእህትዎ ልጅ እንደዚያ ናት። ሐኪሟ መርምራታለች፤ እጢም ሆነ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘችባትም። ሆርሞኑ የሚያደርገው ገበሩን ማሳሳት ነው። ያልተሰፋ ነገር ደግሞ አይተረተርም። ተጠራቅሞ ወደ ራስ የሚወጣ ደም የለም እማማ፤ መጀመሪያውኑ ቦታው ላይ አልተሠራማ።»

እትዬ ስፌት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አሰቡ። ይህን የመሰለ ነገር ከሐኪም ቤት ሰምተው አያውቁም። ከሐኪም ቤት የሚሰሙት ወይ ቁጣ ነው ወይ ችኮላ።

«እና ይሠራል?» አሉ። «አትሸንግይኝ፤ ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ቁርጡን እነግርዎታለሁ። ኪኒኑ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ከተዋጠ እምብዛም አይረባም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ቀን ሳይዘለል፣ በየወሩ ከተዋጠ ግን ደሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ለወሊድ መከላከያ የሚዋጠውም ኪኒን አለ፤ እሱም ለብዙዎቹ ግማሽ ያህሉን ይቀንስላቸዋል፤ ደም የመርጋት ችግር ላለባት ግን አይሰጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ እዚያው ገበሩ ላይ ይሠራል። ስድስት ወር ሲሞላው፣ አሥር ማንኪያ ይፈሳት የነበረች ሴት አንድ ሁለት ማንኪያ ቢፈሳት ነው። ጭራሽ የሚቆምላቸውም አሉ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም አይደለም። ሲገባ ያማል። አንዳንዷን ራሷን ያማታል፣ ሌላዋን ጡቷን ያማታል፣ ጠባይዋ የሚለወጥም አለች። አልተስማማኝም ብላ የምታስወጣውም አለች፤ መብቷ ነው። ከብዙዎቹ ጋር ግን ይስማማል።»

«መካን አድርጎ ነው እንጂ የሚስማማው።»

ፍርሃታቸው ይህ ነበር። እስካሁን የተከራከሩት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው። ይህች ልጅ የእህታቸው አንድያ ናት፤ ከእሷ ሌላ የእህታቸው ዘር በምድር ላይ የለም።

«አያደርግም» አለች ነርሷ። «መውለድ ስትፈልግ ይወጣላታል፤ ከወጣ በኋላ ማርገዝ ትችላለች። መካን የሚያደርገውን እኔ ልንገርዎ። ደሙ በምንም አልቆም ሲል ማኅፀኑን ማውጣት የመጨረሻው መንገድ ነው። ሐኪሟ ዛሬ ጠዋት ሉፑን ላስገባልሽ ስትላት ምን እንዳለች ያውቃሉ? ‹እማ እሺ ካላለች አላስገባም› አለች። ሌላ ሰው አልሰማም ብላለች። ዛሬ ደም ሰጥተን እንሸኛታለን፤ የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ደግሞ ይህንኑ ደም ታፈሰዋለች። ሁልጊዜ ደረጃ ላይ የሚያነሳት ሰው አይገኝም።»

እትዬ ስፌት በሁለት ሐሳብ ተያዙ። ወዲህ ይህች የማያውቋት ልጅ፣ ወዲያ አርባ ዓመት ያመኑት ነገር። ነርሷ አጠገባቸው የነበረውን ጨርቅ አንስታ ጠርዙን ዳበሰችው።

«እማማ፣ ለሌሎች ሴቶችም ይሰፋሉ?»

«ለሰፈሩ ሴት ሁሉ።»

«ለእነሱ ስንት ድርብ ነው?»

«ሦስት። በዛብኝ ላለች አራት።»

«ለእህትዎ ልጅስ ዘጠኝ የሆነው መቼ ነው?»

«ድሮ አምስት ነበር። ከዚያ ሰባት። ዘጠኝ ያደረግሁት ካቻምና ነው።» ይህን እየተናገሩ ድምፃቸው ቀነሰ። የሰው ወገብና ትከሻ በዓይናቸው የሚለኩ ሴት ናቸው፤ ይህን ልኬት ግን በእጃቸው እየሰፉት አንድ ቀን እንኳ አላነበቡትም። ድርቡ በጨመረ ቁጥር እሳቸው የኮሩት በሙያቸው ነው።

«የምትበላው ያልሆነ ነገር ታኝካለች?» አለች ነርሷ። «አፈር፣ ጥሬ ሩዝ፣ በረዶ…»

«ጠመኔ። አስተማሪ አይደለች፤ ጣቷ ላይ የተረፈውን ስትቆረጥም አያታለሁ። እናቷ ደግሞ የቤታችንን ግድግዳ ልስን እየፈረፈረች ትበላ ነበር። ቤቱን በልተሽ ውጭ ታሳድሪናለሽ እያልኩ እቀልድባት ነበር።»

«ደም ያነሰው ሰው እንዲያ ያምረዋል። እናቷ በምን ሞቱ?»

«ልቧ ደክሞ» አሉ እትዬ ስፌት። ለሃያ አምስት ዓመት ሰው በጠየቃቸው ቁጥር ያሉት ቃል ስለሆነ ራሱ ነው የወጣው።

«የሚረጨው ደም ያጣ ልብ ይደክማል» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ለእሳቸውስ ስንት ድርብ ነበር የሚሰፉላቸው?»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው የመድኃኒት ጋሪ እየገፋ አለፈ። እትዬ ስፌት ጋሪው ከዓይን እስኪጠፋ ጠበቁ።

«ስምንት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ለማንም ተናግረውት አያውቁም። እህታቸው በመጨረሻው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። አንድ ሐኪም ቤታቸው ድረስ መጣ። ደረቷን አዳመጠ፣ የዓይኗን ውስጥ ገልጦ አየ፣ ከዚያ እትዬ ስፌትን ወደ ጎን ጠርቶ «ደም ይፈሳታል ወይ?» አላቸው። ለባዕድ ወንድ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል። ጨርቁን ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ቀይረው፣ አንሶላውን ለውጠው፣ ሁሉን አጽድተው ነው የጠበቁት። «የለም» አሉት። ሐኪሙ አንሶላውን አየ፤ ንጹሕ ነው። የልብ መድኃኒት አዘዘና ሄደ። እህታቸው ሁሉንም ትሰማ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና በዝምታ አመሰገነቻቸው፤ አላዋረድሽኝም ማለቷ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተች።

እትዬ ስፌት ይህን ተናግረው አለቀሱ። ነርሷም እጃቸውን ያዘች እንጂ አላጽናናቻቸውም። ምን ብላ ታጽናናለች?

«ልጅቷ ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ካልነገሯት ለምን ሐሳብዎን እንደለወጡ አይገባትም። ሰው አግባብቶዎት ነው የሚመስላት።»

«ከነገርኳት ደግሞ ታጣኛለች።»

«አላውቅም» አለች ነርሷ። «እሱን አልዋሽዎትም።»

እትዬ ስፌት ክሩን መርፌያቸው ላይ ጠምጥመው ቦርሳቸው ከተቱና ተነሱ። ነርሷ በሩን ከፈተችላቸው።

ቀጭኔ አልጋው አጥሯት ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። ከንፈሯ ገርጥቶ ከትራሱ ጨርቅ አይለይም። ከብረቱ ላይ ከተሰቀለው ከረጢት የሌላ ሰው ደም ጠብ ጠብ እያለ ወደ ክንዷ ይገባል። ስታያቸው ፈገግ ብላ «እማ፣ እህል ቀምሰሻል?» አለቻቸው። ይህ ጥያቄ አንጀታቸውን በላው። ቢቀመጡ አቅም እንደሚያጡ ስላወቁት ቆመው ነገሯት፤ ግድግዳውን፣ ስምንቱን ድርብ፣ አንሶላውን፣ ሐኪሙን፣ «የለም» ማለታቸውን። ለራሳቸው አላሳመሩትም። ዘመኑ እንዲያ ነበር አላሉም። በጊዜው አላውቅም ነበር የሚለው ቃል አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር፤ እውነትም ነበር፤ ግን ዋጡት።

ልጅቷ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ሐኪሙ ቢያውቅ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«አዎ። ትተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ ስፌት ከረጢቱ ግማሽ እስኪሆን ድረስ ጀርባዋን እያዩ ቆሙ። በመጨረሻ፣ ሳትዞር፣ «ዶክተሯን ጥሪልኝ» አለች። «አስገቢልኝ በያት።»

ሉፑ የገባላት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ጋር ለወራት የምትውጠው የብረት ማዕድን ኪኒን ተሰጣት። ይህንን የምንተርከው ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተቃና እንዲመስል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አስመርረዋታል። ዛሬ ቆመ ስትል ነገ ጠብ ይላል፤ ሆዷን ይቆርጣታል፤ በሦስተኛው ወር «አውጥቼ እጥለዋለሁ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነስታ ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው የለመኗት እትዬ ስፌት ናቸው። «ክሩ ነው የተንጠለጠለው፤ ስፌቱ አላለቀም፤ አንድ ወር ታገሺኝ» አሏት። ታገሠች። በአራተኛው ወር አምስት ድርብ በቃት፤ በስድስተኛው ሁለት።

የሁለቱ ነገር ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ልጅቷ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ «እማ» ማለት ትታ «አክስቴ» አለቻቸው፤ «አንቺ» ይባሉ የነበሩት ሴት «እርስዎ» ተባሉ። ምግብ ታቀርብላቸዋለች፣ ሲያማቸው ትነሳላቸዋለች፣ ቃል አትመልስባቸውም። ሰው በገዛ ቤቱ በመከበር እንዲህ ሊጎዳ እንደሚችል እትዬ ስፌት በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ተማሩ። አልተማረሩም፤ የሚገባኝ ነው ብለው ተቀበሉት።

ስምንት ወር ሲሆን አንዲት እንቁላል ነጋዴ ወደ ስፌት ቤቱ መጣች። ሰፋ ያለ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረጃዋ ሦስት ብቻ የሆነችውን መግቢያ ወጥታ ለማረፍ ግድግዳ ተደገፈች። ቀጭኔ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች።

«እትዬ ስፌት» አለች ነጋዴዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ለአስተማሪዋ ትሰፊላት የነበረውን ዓይነት ለኔም እንድትሰፊልኝ ነው። ወፍራሙን።»

እትዬ ስፌት የሴትዮዋን ከንፈር አዩ፣ ጥፍሯን አዩ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ለዚህ ወር የሚሆንሽን እሰፋልሻለሁ፤ እንድታፍሪ አልፈልግም» አሉ። «ከዚህ ወር ወዲያ ግን ከአራት ድርብ በላይ ከኔ እጅ አይወጣም። ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ።»

«እኔ ስፌት ጠየቅኩሽ እንጂ ምክር መቼ ጠየቅኩሽ?»

«ልክ ነሽ። ምክሩ ያለ ጥያቄ የመጣ ነው።»

«ሆርሞን ሰጥተው ሊያደርቁኝ? ጎረቤቴ ጀምራው ነጠብጣብ አላቆም ብሏት ጥላዋለች። ያንን ነገር የሚያምን ሞኝ ነው።»

እትዬ ስፌት ስለ ገበሩ ሊያስረዷት ጀመሩ፤ ስለ ሉፑም፣ ስለ ሃያ አንዱ ቀንም። ግን ሴትዮዋ ፊቷን አኮሳትራለች፤ እሳቸውም መሀል ላይ አቋረጡ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። ቀጭኔ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወጥታ ነጋዴዋን ወንበር ሳበችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔም ጥዬው ነበር» አለች። «ኪኒኑን በዘጠነኛው ቀን ጣልኩት፤ ወር ሳይሞላ ሬሳዬን ሊያነሱ ነበር። ጎረቤትሽን የነጠብጣቡን ነገር ማንም አልነገራትም ማለት ነው። እኔ ልንገርሽ፤ ሦስት ወር ያናድድሻል። ጨርቅሽን ቁጠሪ፤ ከወር ወር ሲቀንስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። እኔ አሁን ወሩ መጣ ብዬ ክፍል ውስጥ ከወንበር አልነሳም ማለት ትቻለሁ። ጥቁር ካልሆነ ቀሚስ አልለብስም የምለውን ትቻለሁ። ደሜ ስድስት ነበር፣ አሥራ ሁለት ተኩል ገብቷል። ሁለተኛ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ እወጣለሁ፤ ጠመኔውንም ለሰሌዳው ትቼለታለሁ። ኪኒኑ ይሻልሽ እንደሆን፣ ሉፑ ይሻልሽ እንደሆን፣ ወይ ሌላ መድኃኒት ይሻልሽ እንደሆን መርምረው ይነግሩሻል፤ ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት አይደለም። ልጅ ስትፈልጊ ደግሞ ታስወጪዋለሽ። እኔም አስወጥቼ የምወልድበት ቀን ይመጣ ይሆናል።»

ነጋዴዋ ቀና ብላ አየቻት። «እንዲህ በአንዴ ነው እንዴ ሰው የሚድነው?» አለች።

«በአንዴ አይደለም። ግን ይዳናል።» ቀጭኔ እስክሪብቶዋን ዘጋችው። «እናቴም እንዳንቺ ነበረች። የሞተችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ሁለት ሞላኝ።»

እትዬ ስፌት ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። በዚያ ቤት የሟቿ ነገር በአፍ ሲነሳ ከስምንት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ነጋዴዋ ለመሄድ ስትነሳ ሚዛኗን ሳተች። ቀጭኔ ክንዷን ያዘቻት። «ነገ አትበይ፤ ክሊኒኩ ገና አልተዘጋም» አለቻት። ከዚያ ወደ አክስቷ ዞራ «እርስዎም ይምጡ» አለች። «እኔ የሐኪሟን ወረቀት አነባለሁ። እርስዎ ደግሞ ዝም ስንል ምን እንደሚሆን ይንገሯት።»

እትዬ ስፌት ያን ስፌት ቤት በቀን ዘግተው አያውቁም። ቁልፉን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ሁለቱ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።